የፓይንውድ ደርቢ መኪናና አየር፦ ከእንጨቱ ቁራጭ እስከ መነሻው በር

እ.ኤ.አ. በ1953 በካሊፎርኒያዋ ማንሃታን ቢች ከተማ ዶን መርፊ የተባለ የካብ ስካውት (የትንንሽ ልጆች የስካውት ክፍል) መሪ፣ ልጁ ለትልልቆቹ የሳጥን መኪና ውድድር ዕድሜው ባለመድረሱ አዲስ ጨዋታ ፈጠረለት፦ ከፓይን እንጨት የምትቀረጽ፣ ሞተር የሌላት፣ ከተዳፋት ስትለቀቅ በገዛ ክብደቷ የምትሮጥ ትንሽ መኪና። ፓይንውድ ደርቢ ከዚያ ተነስቶ መላ አሜሪካን አዳረሰ። እዚያ የሚኖር ሀበሻ ወላጅም ልጁ ከስካውት ስብሰባ አንድ የእንጨት ቁራጭ፣ አራት የፕላስቲክ ጎማና ጎማዎቹ የሚሽከረከሩባቸው አራት ሚስማር የያዘች ሳጥን ይዞ ሊመጣበት ይችላል። ይህ መመሪያ ያቺን ሳጥን ለውድድር የሚያበቃውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ዋና ትኩረቱ አየር ነው።

መኪናዋ አየርን እንድትሰነጥቅ ሲታሰብ የብዙ ሰው ዐይን የሚያርፈው አፍንጫዋ ላይ ነው። አፍንጫውን እንደ መርፌ ማሾል ግን የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ትልቁ ትርፍ ያለው የአካሉ ውፍረት፣ ጎማዎቹና ጅራቱ ላይ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የአካሉን ውፍረት የሚወስነው ውስጡ የሚገባው የክብደት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅርጹና ክብደቱ አብረው ይታቀዳሉ።

ሕጉን አስቀድመው ያንብቡ

የተለመደው ሕግ ይህን ይመስላል፦ ርዝመት ከ7 ኢንች (178 ሚሊ ሜትር)፣ ወርድ ጎማዎቹን ጨምሮ ከ2¾ ኢንች (70 ሚሊ ሜትር)፣ ክብደት ከ5 አውንስ (141.7 ግራም) አይበልጥም። መኪናዋ የትራኩን መሐል ሐዲድ አጋምሳ ስለምትሄድ ከሆዷ በታች ቢያንስ ⅜ ኢንች (9.5 ሚሊ ሜትር)፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከልም ቢያንስ 1¾ ኢንች ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። የሳጥኑ እንጨት ሲወጣ 7 በ1¾ በ1¼ ኢንች ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ከቡድን ቡድን ይለያያል። አራት ነገሮችን ለአዘጋጁ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ለሚስማር አዲስ ቀዳዳ መብሳት ይፈቀዳል ወይስ በእንጨቱ ላይ ከፋብሪካ ተቆርጠው የመጡትን የሚስማር ማስገቢያ ስንጥቆች ብቻ መጠቀም ግድ ነው? አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት ማንሳት ይቻላል? ሚስማር ማጠፍስ? ከጎማ ፊት መከለያ ማድረግስ? መልሱ ሳይታወቅ መጋዝ ማንሳት አይገባም፤ እያንዳንዱ መልስ ንድፉን ይለውጣል።

አየር ምን ያህል ይወስዳል?

የተለመደ የአሉሚኒየም ትራክ 42 ጫማ ያህል ይረዝማል፤ መነሻው ከወለል ወደ 4 ጫማ ከፍ ይላል፤ ፈጣን መኪና በ3 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሰዋለች። መኪናዋ ከተዳፋቱ ስትወርድ ፍጥነቷ በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ 8 ሜትር ያህል ሜዳ ላይ ትሮጣለች፤ እዚያ የሚገፋት የለም፤ ያላትን ፍጥነት እየከፈለች ነው የምትሄደው።

ሂሳቡን በግምት እንሥራው። ያልተጠረበው እንጨት ከፊት ሲታይ 14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች 5 ያህል ይጨምራሉ። ይህ ባለ ስለታም ማዕዘን ቅርጽ በዚያ ፍጥነት ከአየር የሚገጥመው ኃይል 0.02 ኒውተን አካባቢ ነው። በመጨረሻው 8 ሜትር ላይ ብቻ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያስቀራታል። አካሉ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ ጠርዙ ሲለሰልስ ኃይሉ ወደ 0.006 ኒውተን፣ የሚጠፋው ርቀትም ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በደንብ የተወለወለና ግራፋይት (ሰበቃ የሚቀንስ ደረቅ ዱቄት) የተቀባ ሚስማር በጎማው ቀዳዳ ውስጥ የሚፈጥረው ሰበቃ ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወስዳል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ያልተጠረበ አካል ከጥሩ ጎማ ሰበቃ የበለጠ ያስከፍላል፤ «አየር በዚህ ትንሽ መኪና ላይ ምንም አይደለም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ አካሉ ከሳሳ በኋላ ከፊት ከሚታየው 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚይዙት ጎማዎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲያ አፍንጫውን ደጋግሞ ማሾል ትርፉ ድካም ነው። በዚህ ፍጥነት የሰከንድ አንድ ሺህኛ 4.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻ ዙር ውድድሮች የሚለያዩት ደግሞ በእንዲህ ያለ ልዩነት ነው።

የክብደት በጀት

መኪናዋ ልክ 141.7 ግራም መሆን አለባት፤ ጉልበቷ ከክብደቷ ነው የሚመጣው። አከፋፈሉ በግምት ይህን ይመስላል፦ አራቱ ጎማዎች 10.4 ግራም፣ ሚስማሮቹ 4.5፣ የሳሳው እንጨት 25፣ ቀለምና ኮላ 3፤ የቀረው 98 ግራም የተጨማሪ ክብደት ነው። ይህ 98 ግራም በተቻለ መጠን ወደ ኋላ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መኪናዋ ተዳፋቱ ላይ ስትቆም ኋላዋ ከፊቷ ከፍ ይላል፤ ክብደቱ ኋላ ሲሆን ከከፍተኛ ቦታ ነው የሚወርደው። መነሻው 30 ዲግሪ ያጋደለ ከሆነ የክብደት ማዕከሉን አንድ ኢንች ወደ ኋላ መውሰድ 12.7 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ይሰጣል፤ ሜዳው ላይ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ቅድሚያ ይሆናል።

የክብደቱ ዓይነት ከአየር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ተንግስተን የተባለው ብረት እርሳስ ከተባለው ብረት በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ¼ ኢንች ጎን ያለው አንድ የተንግስተን ኩብ 4.6 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 21 ኩቦች ይበቃሉ፤ በ8 ሚሊ ሜትር አካል ውስጥም ይሸሸጋሉ። ያንኑ ክብደት በእርሳስ ለማግኘት አካሉ መወፈር ወይም ክብደቱ ወደ ፊት መዘርጋት አለበት፤ ዚንክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ ከተባለ ተንግስተኑ ይመረጥ። እርሳስ የሚጠቀሙ ከሆነ ልጅ አይንካው፤ አይሞረድ፤ ከነኩም በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ከዚያ መጋዙ

የሚስማሩ ቀዳዳ የሚበሳው እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ነው። ከተጠረበ በኋላ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ጎን አይኖርም።

በስንጥቆቹ ብቻ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ አንደኛው ስንጥቅ ከሌላው ይልቅ ወደ እንጨቱ ጫፍ ይጠጋልና ያንን ጫፍ ኋላ ያድርጉት። የኋላ ጎማ ወደ ጅራት በቀረበ ቁጥር ክብደቱም ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ስንጥቆቹ ከእንጨቱ ጎን ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሆናቸውን በስኳድራ ይፈትሹ፤ ከፋብሪካ ተጣምመው የሚመጡ አሉ። የስንጥቁን ጥልቀትም ይለኩ፦ ከስንጥቁ በላይ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር እንጨት ካልቀረ ሚስማሩ ሲገባ አካሉ ለሁለት ይሰነጠቃል።

መብሳት ከተፈቀደ የኋላውን ቀዳዳ ከጅራቱ ጫፍ 16 ሚሊ ሜትር ላይ፣ የፊቱን ደግሞ ከእሱ ከ115 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ርቆ ይብሱ። ፑንታው (የሚበሳው ብረት) ከሚስማሩ በጥቂቱ የቀጠነ ይሁን። ለሳጥኑ ሚስማር 44 ቁጥር ፑንታ፣ ማለትም 2.18 ሚሊ ሜትር፣ ይሠራል፤ ግን ሚስማሮች ስለሚለያዩ በካሊፐር ለክቶ በቁራጭ እንጨት መሞከር ይሻላል። በእጅ የሚያዝ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ቀጥ ብሎ አይበሳም፤ ቋሚ ትራፓኖ ወይም ፑንታውን የሚመራ ብረት ያስፈልጋል። አንዱ የፊት ጎማ እንዲነሳ ከተፈቀደ የእሱ ቀዳዳ ከሌላው በ1.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ የሚደረገው መኪናዋ የማታንከባልለው ጎማ ጉልበት ስለማይወስድባት ነው።

ቅርጹ

ከጎን ሲታይ አካሉ በሙሉ ከ7 እስከ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይሁን። በስንጥቅ የሚሠሩ ወደ 9.5 ይጠጋሉ፤ የበሱ 7 ወይም 8 ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ። መስመሩን በመጻፊያ እርሳስ በሁለቱም ጎን ያስምሩ፤ እንጨቱን በሞርሳ አጥብቀው ያሲዙት፤ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ውጭ ይቁረጡና ቀሪውን በብርጭቆ ወረቀት ያውርዱ። መጋዙ የአዋቂ ሥራ ነው። ልጁ ከመስመር ማስመሩ እስከ ማለስለሱ ያለውን ይሥራ፤ ውድድሩም የእሱ ነው።

አፍንጫው ክብ ይሁን። በዚህ መጠንና ፍጥነት አየሩ የለዘበ ጠርዝ ካገኘ ሳይላቀቅ ይዞት ይሄዳል፤ የላይኛውንና የታችኛውን የፊት ጠርዝ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ማለስለስ ይበቃል። በጣም ሹል አፍንጫ ሁለት ችግር አለበት። መነሻው ላይ መኪናዋ የምትደገፈው መሐሉ ላይ ባለ ዘንግ ስለሆነ ሹሉ ጫፍ ዘንጉ ላይ ተንሸራቶ መኪናዋን ያጣምማታል፤ ስትጋጭም ይሰበራል። መሐሉ ላይ ቢያንስ 13 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ፊት ይተዉ። አፍንጫው ከፍ ማለትም የለበትም፤ ዘንጉን አልፎ የሚቀመጥ አፍንጫ መኪናዋን በሩ ላይ ያስቀራታል።

ጅራቱ ከአፍንጫው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። አየር ከኋላ ተሰብሮ ሲታወክ ወደ ኋላ የሚስብ ባዶነት ይፈጥራል። ስለዚህ የላይኛው ገጽ ከኋላ ጎማ ጀምሮ በዝግታ፣ ከ10 ዲግሪ ባልበለጠ ቁልቁለት ይውረድ። ከዚያ በላይ ከተዳፋ አየሩ ተላቆ ይሄዳልና መዳፋቱ ዋጋ የለውም። ክብደቱ እዚያው ስለሚገባ ጅራቱን እስከ ምላጭ ማቅጠን አይቻልም፤ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ቆርጦ ጠርዙን በስለት መተው መልካም ስምምነት ነው። የኋላ ክንፍ የሚሉትን ግን ይተዉት። እውነተኛ የእሽቅድምድም መኪና ክንፍ የምታደርገው በመታጠፊያ ላይ ጎማዋ መሬት እንዲይዝ ነው፤ ቀጥ ባለ ትራክ ላይ በስበት የምትሮጥ መኪና ይህ አያስፈልጋትም። የሾፌር ምስልና መስኮትም እንዲሁ ናቸው፤ ልጁ አጥብቆ ከፈለገ ዝቅ ብለው ወደ ኋላ ይቀመጡ።

ጎማዎቹ ናቸው ትልቁ ሥራ። አንድ ጎማ በትራኩ ላይ ሲንከባለል አናቱ ከመኪናዋ እጥፍ በሆነ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል፤ አየሩን የሚገጥመውም በዚያ ፍጥነት ነው። መከለያ ከተፈቀደ ከፊት ጎማ ፊት ባልሳ ከተባለው በጣም ቀላል እንጨት ወይም ከራሱ ከፓይኑ የተቀረጸ፣ በጎማው ወርድ ልክ የሆነ፣ ፊቱ የተድቦለቦለ ቁራጭ ይለጠፋል። ከጎማው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከዚህ ከቀረበ ጎማው በሚስማሩ ላይ ሲንሸራተት ይነካዋል፤ አንዴ ከነካ መከለያው ካስገኘው በላይ ይወስዳል። ከራቀ ደግሞ አየሩ መሐላቸው ይገባና መከለያው ሌላ የአየር ማቆሚያ ብቻ ይሆናል። ከጎማው ወርድ ውጭ እንዳይወጣና 70 ሚሊ ሜትሩን እንዳያልፍ ይለኩ።

በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ክፍትም ይታሰብበት። ከፊት ጎማ የተረበሸው አየር በቀጥታ የኋላውን ይመታል። በሁለቱ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን የባልሳ ቁራጭ ከአካሉ ጎን ላይ መለጠፍ አየሩ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳይሽከረከር ያደርጋል። ግን ዋጋውን ያስሉ፦ ከጅራት 1 ግራም ወስዶ 125 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ማስቀመጥ የክብደት ማዕከሉን በ0.9 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይገፋዋል። የፊት መከለያዎቹ በጠቅላላ ከ2 ግራም ከበለጡ ያስገኙት ትርፍ መጥፋት ይጀምራል።

የአካሉን መሐል ቀድዶ እንጨት መቀነስ የተለመደ ነው፤ ከፊት ግራም ይቀንሳል። ቀዳዳው ክፍት ከተተወ ግን አየሩ ጠርዙ ላይ ይሰበራል። በላይም በታችም በቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን ወይም በጠንካራ ፕላስተር ይሸፈን። ሆዱም እንደ ጀርባው ለስላሳ ይሁን፤ የክብደቱ ጉድጓድ አፍ፣ የወጣ ኮላ፣ የፕላስተር ጠርዝ ሁሉ እዚያ አየር ይይዛሉ።

ክብደቱን ማስገባት

ኩቦቹ በስድስት ስድስት ረድፍ 38 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ፤ በ44 ሚሊ ሜትር አካል ውስጥ በሁለቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ይቀራል። አንድ ረድፍ ከኋላ ሚስማር በስተኋላ፣ ሁለት ረድፍ ከፊቱ፣ የቀሩት ሦስቱ ከእነዚያ ቀጥለው ይቀመጡ። በዚህ አቀማመጥና በ25 ግራም አካል የክብደት ማዕከሉ ከኋላ ሚስማር ፊት 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወድቃል። ለመጀመሪያ መኪና ይህ ጥሩ ቦታ ነው። አቅጣጫ ማስተካከል የለመደ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በታች የፊት ጎማው ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለሚያንስ መኪናዋ ተዳፋቱ ከሜዳው በሚገናኝበት ቦታ ትነሳለች፤ ወይም ግራና ቀኝ እየተማታች ፍጥነቷን ትጨርሳለች።

ጉድጓዶቹን በሚስማሩ መንገድ እንዳያልፉ አስልተው ይፈልፍሉ። ኩቦቹን ገና ሳያጣብቁ መኪናዋን ከነጎማዋ፣ ከነሚስማሯ በቀጭን የማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን አድርገው ማዕከሉን ያግኙ፤ ከዚያ በኢፖክሲ ኮላ ያጣብቁ። 1 ግራም ለመጨረሻው ማስተካከያ ይቅር፤ እሱን በተንግስተን ሊጥ ይሞሉታል። የውድድሩ ሚዛን ከቤትዎ ሚዛን በትንሹ ሊለይ ስለሚችል ይህ ሊጥ ነው የሚያድነው። ክፍተቶቹን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ ያለስልሱ።

ቀለም

በ150 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ220 እና በ400 ያለስልሱ። አንድ ወይም ሁለት ስስ መሠረት፣ ሁለት ስስ ቀለም በቂ ነው። እንደ መስታወት ማብረቅ ለዐይን ደስ ይላል፤ ለፍጥነት ግን የሚጨምረው የለም፤ በዚህ ፍጥነት አየሩ በገጹ ላይ የሚፈጥረው ሰበቃ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ልስላሴ ካለ ብርቀቱ አይቀንሰውም። የሚጎዳው ደረጃ፣ እብጠትና ጉድጓድ ነው። የሚስማር ቀዳዳዎቹ ቀለም እንዳይገባባቸው በስቴኪኒ ይደፈኑ። ቀለሙ ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ያልቅ፤ ያልደረቀ ቀለም ጎማ ሲነካው ይይዛል።

ሚስማርና ጎማ

ከሳጥኑ የወጣ ሚስማር ከራሱ ሥር ሹል ትርፍ ብረት፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ጭረቶች አሉት። ሚስማሩን በትራፓኖ አፍ ይያዙና እያሽከረከሩ ትርፉን በደቃቅ ሞረድ ያንሱ፤ ከዚያ በ400፣ 600፣ 1000፣ 2000 እና 3000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ በቅደም ተከተል ይጥረጉ፤ በብረት መወልወያ ይጨርሱ። አንዱን ደረጃ መዝለል የቀደመውን ጭረት ይተዋል። የራሱን የውስጥ ገጽ አይርሱ፤ ጎማው የሚታከከው እዚያም ነው። ሚስማር የሚታጠፍ ከሆነ መጀመሪያ ይወልወል፣ ከዚያ ይታጠፍ፤ የታጠፈ ሚስማር በትራፓኖ ሲሽከረከር እየዘለለ እኩል አይወለወልም።

ጎማዎቹን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልለው የማይወዛወዙትን ይምረጡ። ገጹ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ እብጠት በ600 ወረቀት በውሃ፣ በዝግታ ያንሱ፤ ትራፓኖው ከፈጠነ ፕላስቲኩ ይሞቅና ይበላሻል። የቀዳዳውን ውስጥ በጥጥና በፕላስቲክ መወልወያ ያጽዱ፤ ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። መወልወያው ከቀረ ግራፋይቱን ያጣብቀዋል።

ግራፋይቱን በቀዳዳው፣ በጎማው መሐል ጉብታና በሚስማሩ ላይ ያድርጉ፤ ያሽከርክሩት፤ ይጨምሩ፤ ደግመው ያሽከርክሩት። ግራጫው ብረት መስሎ እስኪያበራ ድረስ ይደጋገም። ዘይት በፍጹም አይቀላቀል፤ ግራፋይትና ዘይት አንድ ላይ ጭቃ ይሆናሉ።

መገጣጠምና አቅጣጫ ማስያዝ

በጎማውና በአካሉ መካከል የባንክ ካርድ ውፍረት፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ሲበዛ መኪናዋ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ ሲያንስ ጎማው ይታከካል።

ሚስማር ማጠፍ ከተፈቀደ የኋላዎቹን 2.5 ዲግሪ ያህል አጥፈው የጎማው አናት ወደ ውስጥ እንዲያጋድል ያድርጉ። እንዲህ ሲሆን ጎማው በራሱ ወደ ሚስማሩ ራስ ይሄዳል፤ ከአካሉ ይርቃል። መኪናዋን በእጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቀስ ብለው ይንዷት፦ በሁለቱም አቅጣጫ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደ ሚስማሩ ራስ ከሄዱ ልክ ነው። ወደ ኋላ ስትነዳ አንዱ ወደ አካሉ ከመጣ ያ ጎማ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፤ ሚስማሩን በፒንሳ ጥቂት ያዙሩት።

መሬት የሚነካው የፊት ጎማ ሚስማር 1.5 ወይም 2 ዲግሪ ታጥፎ አናቱ ወደ ውጭ ያጋድል፤ ከዚያ መኪናዋ ወደተነሳው ጎማ አቅጣጫ በጥቂቱ እንድትዞር ይስተካከላል። ግራው መሬት ከነካ ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ከነካ ወደ ግራ ማለት ነው። እንዲህ ስትሆን ያ ጎማ መሐል ሐዲዱን ሳይለቅ ታክኮ ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ሐዲዱን አይነኩም። ሐዲድ እየመታች ከምትሄድ መኪና ይህች አብዛኛውን ጊዜ ትቀድማለች፤ ከዚያም በላይ አካሏ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አየሩን በጎኗ አትገጥምም።

ለመለካት 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይፈልጉ፤ ወርዱን በውሃ ልክ አስተካክለው አንዱን ጫፍ ጥቂት ከፍ ያድርጉት፤ መሐል መስመር ያስምሩ። መኪናዋ ሰሌዳውን ስትጨርስ ከመስመሩ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከወጣች መነሻ ነው። ከዚያ ትራክ ላይ እየሞከሩ ይቀንሱ፤ መወዛወዝ ስትጀምር አንድ እርምጃ ይመለሱ። አቅጣጫው ሲረካዎት አንዲት ጠብታ ኮላ ከጎማው ርቆ፣ ከሆድ በኩል ሚስማሩ ላይ ይጣል።

ቅርጹን መፈተን

መኪናዋ እውነተኛ መጠኗን ይዛ፣ በእውነተኛ ፍጥነቷ በቤት ውስጥ ልትፈተን ትችላለች፤ የቤት ማራገቢያ ከቅርብ የሚሰጠው ነፋስ ከውድድሩ ፍጥነት ብዙ አይርቅም። 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስስ የጥጥ ክሮች በጀርባዋ፣ ከጎማዎቹ ኋላና በጅራቷ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። ነፋሱ ተሽከርክሮ እንዳይመጣ ከማራገቢያው ፊት የመጠጥ ቧንቧዎችን (ስትሮዎችን) አንድ ላይ አስረው እንደ ወንፊት ያስቀምጡ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከተኛ አየሩ ገጹን ይዟል፤ ከተነሳና ከተርገበገበ ተላቋል። ብዙ ጊዜ የሚርገበገበው ከፊት ጎማ ኋላ ያለው ነው።

ትራክ ካገኙ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። መከለያውን ለመፈተን በቀላል ፕላስተር ለጥፈው አሥር ጊዜ፣ አውልቀው አሥር ጊዜ ይልቀቋት፤ ሲያወልቁ ክብደቱን እዚያው ቦታ ላይ በሊጥ ይተኩ። ያለዚያ የሚለኩት አየሩን ሳይሆን የክብደቱን ለውጥ ነው። በአንድ መስመር ብቻ ይሞክሩ፤ መስመሮች እርስ በርስ ይለያያሉና። ግራፋይቱ በየሩጫው ስለሚሳሳ ሁለቱን እያፈራረቁ መልቀቅ ይበልጥ ያስተማምናል።

ሲበላሽ

ተዳፋቱ ላይ ቀድማ ሜዳው ላይ የምትደርስባት ካለች ጥፋቱ ሰበቃ ወይም አየር ነው፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክረው ቶሎ የሚቆመውን ይፈልጉ፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ ወደ ሆዷና ወደ መከለያዎቹ ይሂዱ። ከመነሻው ጀምራ ከዘገየች ክብደቷ ጎድሏል ወይም ማዕከሉ ወደ ፊት ሄዷል። ተዳፋቱ ሲያልቅ ከዘለለች የፊት ጎማዋ ላይ 3 ወይም 4 ግራም ያስፈልጋታል። በመጀመሪያው ዙር ፈጥና እየዘገየች ከሄደች ግራፋይቱ አልቋል ወይም ከመጀመሪያውም በደንብ አልታሸም። አንድ መስመር ላይ ብቻ የምትዘገይ ከሆነ የመስመሩን መጋጠሚያዎች ለአዘጋጁ ያሳዩ።

ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት መኪናዋን ከጎኗ እንጂ ከጎማዋ አይያዙ፤ ልጁም ይህን ይልመድ። በሳጥን ውስጥ ስትጓጓዝ ጎማዎቿ ምንም እንዳይነኩ ሆዷ በስፖንጅ ይደገፍ። መነሻው በር ላይ ስትቀመጥ ኋላዋ መሐል ሐዲዱን እኩል ማጋመሱን ከኋላ ሆነው ይዩ፤ የፊት ጎማዋንም ሐዲዱን እስኪነካ በቀስታ ያስጠጉት፤ በሩ ሲከፈት ፈልጋ እንዳትመታው።